ጥቂት ዋት ላለው ቱቦ አምፕሊፋየር የትኛው ስፒከር ይሆናል?

ሦስት ዋት ተኩል። ባለ 2ኤ3 ቱቦ ሲንግል ኤንድድ አምፕሊፋየር (ሙሉውን ሞገድ አንድ ቱቦ ብቻውን የሚያወጣበት) በአንድ ቻናል የሚያወጣው ጉልበት በቃ ይኸው ነው። አንዱ ስፒከር ላይ ሲሰካ ክፍሉን ሞልቶ ይተርፋል፤ ሌላው ላይ ሲሰካ ዘፋኙን ጉሮሮውን የያዙት ያስመስለዋል። አምፕሊፋየሩ ያው፣ ሙዚቃውም ያው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ በቱቦው ፍካት ተማርኮ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ይገዛል፣ ከዚያ የሚሆነውን ስፒከር ፍለጋ ይወጣል። መቅደም ያለበት ስፒከሩ ነው፤ ከስፒከሩም በፊት ደግሞ አንድ ልኬት አለ።

ስንት ዋት ነው የሚያስፈልግዎ?

ይህን መገመት አያሻም፤ ቴስተር ያለው ሰው በሩብ ሰዓት ይለካዋል። አሁን ባለዎት አምፕሊፋየርና ስፒከር አንድ የሚወዱትን ዘፈን «ከዚህ በላይ አላጮኸውም» በሚሉት ልክ ይክፈቱ። የድምፅ ማዞሪያውን ሳይነኩ ሙዚቃውን ያቁሙና፣ ከዲጂታል ጣሪያው (ፋይሉ ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ ድምፅ) 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ የተዘጋጀ የ120 ኸርዝ ሳይን ቶን፣ ማለትም ንጹሕ ነጠላ ድምፅ፣ ያጫውቱ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የስፒከሩን ቀይና ጥቁር መሰኪያ ይንኩ። 120 ኸርዝ የተመረጠው ርካሽ ቴስተሮች ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚዋሹ ነው።

ያነበቡትን ቮልት በ4 ያባዙት (12 ዴሲቤል ማለት የቮልቱ 4 እጥፍ ነው)፤ ውጤቱን በራሱ አባዝተው ለስፒከሩ ኦም ያካፍሉ። ለምሳሌ 1.2 ቮልት ቢያሳይ በ4 ሲባዛ 4.8 ይሆናል፤ 4.8 በ4.8፣ ሲካፈል ለ8፣ ወደ 2.9 ዋት ይመጣል። በጣም የጮኸው ቅጽበት የሚጠይቀው ይህንን ነው። 100 ዋት አምፕሊፋየር ያለው ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ብዙውን ጊዜ አያምንም፤ ደግሞ ይለካል፣ ያው ይመጣል።

አዲሱ ስፒከር ካሁኑ በ6 ዴሲቤል የበለጠ ሴንሲቲቭ (በዚያው ዋት የበለጠ የሚጮኽ) ከሆነ የሚፈለገው ዋት በ4 ይካፈላል፤ በ6 ካነሰ በ4 ይባዛል። ከዚህ ልኬት በኋላ ያለው ምርጫ ከሞላ ጎደል ሒሳብ ነው።

የሴንሲቲቪቲ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ሴንሲቲቪቲ ማለት ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ያሰማል ማለት ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ 10 ዴሲቤል ለመጨመር 10 እጥፍ ዋት ይጠየቃል። ስለዚህ በ86 ዴሲቤልና በ96 ዴሲቤል ስፒከር መካከል ያለው ርቀት በ35 ዋትና በ3.5 ዋት መካከል ያለው ርቀት ነው።

2ኤ3ን እንውሰድ። 3.5 ዋት ከ1 ዋት በ5.4 ዴሲቤል ይበልጣል። ባለ 96 ስፒከር 1 ሜትር ላይ ወደ 101 ያደርሳል፤ ሁለቱ ስፒከሮች አብረው ሲጫወቱ 3 ይጨመራል፤ 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው በተለመደ ክፍል ውስጥ ወደ 6 ይቀነሳል። ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ጣሪያ 98 ነው። ጥሩ የተቀዳ ሙዚቃ ከአማካዩ 15 ዴሲቤል ወደ ላይ የሚዘልባቸው ቅጽበቶች አሉት፤ ስለዚህ አማካዩን 83 ላይ አድርጎ ሳይጨነቁ መስማት ይቻላል። በ86 ስፒከር ግን አማካዩ 73 ላይ ይቆማል። ክራርና ድምፅ ብቻ ላለው ቀረጻ ሊበቃ ይችላል፤ ኦርኬስትራ ሲመጣ ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «90 ዴሲቤል በ2.83 ቮልት» የሚለው አጻጻፍ ነው። 2.83 ቮልት 8 ኦም ላይ 1 ዋት ነው፤ 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል። ባለ 4 ኦም ስፒከር በዚህ መንገድ 90 ተብሎ ከተጻፈ እውነተኛው ቁጥር 87 ነው። ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ኦሙ ሲቀንስ ዋት ስለሚጨምር ልዩነቱን ይደብቀዋል፤ ቱቦ አምፕሊፋየር ግን በ4ም በ8ም መውጫው ያው ዋት ነው ያለው። ሁለተኛው፣ አንዳንድ አምራቾች፣ በተለይ የሆርን (ድምፁን በመለከት ቅርጽ የሚያጎላ) ስፒከር ሠሪዎች፣ ክፍሉ የሚያዋጣውን ድምፅ ጭምር ቆጥረው ይጽፋሉ። ሌላ ሰው ያደረገው ልኬት ካልተገኘ 3 ዴሲቤል ቀንሶ ማሰብ ይሻላል።

«ከ50 እስከ 200 ዋት ይመከራል» የሚለውን ጽሑፍ ግን ይለፉት። የሚናገረው ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚችል ነው፤ ከ3 ዋት ጋር ይግባባ አይግባባ አይነግርዎትም።

ዋናው ጉዳይ፦ ኢምፒዳንስ

ሴንሲቲቪቲውን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ነው በኋላ «ድምፁ በቂ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ያስጠላል» የሚለው። ስፒከር ላይ የሚጻፈው 8 ኦም የወል ስም ነው እንጂ እውነተኛው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሲ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በየፍሪኩዌንሲው ይለያያል፤ አንድ ቦታ 4፣ ሌላ ቦታ 30 ሊሆን ይችላል። አይኢሲ 60268-5 የተባለው ደረጃ ዝቅተኛው ነጥብ ከተጻፈው ከ80 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይላል፤ 8 ኦም የተባለው ከ6.4 መውረድ የለበትም ማለት ነው። ይህን የማያከብር ስፒከር ሞልቷል።

ትራንዚስተር አምፕሊፋየር የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ ኢምንት ስለሆነ መዋዠቁ ደንታ አይሰጠውም። ፊድባክ (ከመውጫው ጥቂት ወደ መግቢያው መልሶ ስህተትን ማረሚያ) የሌለው ሲንግል ኤንድድ ትራዮድ (እንደ 2ኤ3 ያለ ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቱቦ) ግን የራሱ 2 እስከ 3 ኦም አለው። በ2.5 ኦም እናስላው፦ ስፒከሩ 4 ኦም በሆነበት ቦታ ከቮልቱ 62 በመቶው ይደርሰዋል፤ 30 ኦም በሆነበት 92 በመቶው። ልዩነቱ 3.5 ዴሲቤል ነው። ያ 30 ኦም ጉብታ 2 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ዉፈሩና ቲዊተሩ (የታችኛውንና የላይኛውን ድምፅ የሚያወጡት ክፍሎች) በሚረካከቡበት ክሮስኦቨር ላይ ከሆነ፣ የሰው ድምፅ ወደፊት ተገፍቶ ይጮኻል። «ቱቦ ድምፅ» እየተባለ ከሚወደሰውም ከሚታማውም ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው። ያው ስፒከር የመውጫ ኢምፒዳንሱ 0.5 ኦም ከሆነ ፑሽ ፑል (ሁለት ቱቦዎች ሞገዱን ተጋግዘው የሚያወጡበት) ጋር ቢገናኝ ልዩነቱ 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም።

የአምፕሊፋየሩን የመውጫ ኢምፒዳንስ ራስዎ መለካት ይችላሉ። ሁለት ባለ 8 ኦም፣ 10 ዋት ረዚስተሮች ይበቃሉ። በተከታታይ አያይዘው 16 ኦም ያድርጓቸውና የ400 ኸርዝ ቶን ሰጥተው ቴስተሩ 2.00 ቮልት እስኪያሳይ ይክፈቱ። አምፕሊፋየሩን አጥፍተው አንዱን ረዚስተር ያውጡ፤ ማዞሪያውን ሳይነኩ እንደገና ያብሩና ያንብቡ። 1.76 ቮልት ቢያሳይ፦ የቮልቱ ልዩነት 0.24 ነው፤ የመጀመሪያው ከረንት 2.00 ለ16 ሲካፈል 0.125 አምፔር፣ ሁለተኛው 1.76 ለ8 ሲካፈል 0.22 አምፔር፣ ልዩነታቸው 0.095። 0.24ን ለ0.095 ሲያካፍሉ 2.5 ኦም ይወጣል። ረዚስተሩን ሲቀይሩ ማጥፋቱ የግድ ነው፤ ቱቦ አምፕሊፋየር፣ በተለይ ባለ አምስት ኤሌክትሮዱ ፔንቶድ፣ መውጫው ባዶ ሆኖ ሲግናል ከተሰጠው የመውጫ ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት ሽፋኑን በስቶ ሊያቃጥለው ይችላል። በዚህ አጋጣሚ፦ የአምፕሊፋየሩን ሆድ መክፈት የለመዱት ሥራ ካልሆነ አይክፈቱት፤ ከ300 ቮልት በላይ የያዙ ካፓሲተሮች ከጠፋ በኋላም ይመታሉ።

የስፒከሩን የኢምፒዳንስ ከርቭ ሲያዩ የሚያጠያይቀው ዝቅተኛው ነጥብ ብቻ አይደለም። ከ60 እስከ 120 ኸርዝ መካከል ኢምፒዳንሱ 4 ኦም አካባቢ ሆኖ ፌዙም (በቮልቱና በከረንቱ መካከል ያለው የጊዜ መዛነፍ) ወደ 45 ዲግሪ ከተዘነበለ፣ ትንሽ ሲንግል ኤንድድ ከተባለለት ዋት ቀድሞ ይሰናከላል። በአንጻሩ ባለ 15 ወይም 16 ኦም ስፒከር፣ የቱቦ ዘመን ሥራ የሆነ፣ ለእንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ምቹ ነው።

የ4፣ የ8 እና የ16 መውጫ

ብዙ አምፕሊፋየሮች ከጀርባቸው ሁለት ወይም ሦስት መውጫ አላቸው። ባለ 8 ኦሙን ስፒከር 4 የሚለው ላይ ቢሰኩት ቱቦው የሚያየው ጭነት በእጥፍ ያድጋል፤ ጣሪያው ዋት ይቀንሳል፣ ነገር ግን መዛባቱ ይቀንሳል፣ ቤዙም ይሰበሰባል፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዋት ተርፎት ቤዙ ልል ለሆነበት ሰው ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ ይኸው ነው፤ ሁሌም መሞከር አለበት። ተቃራኒው፣ 4 ኦሙን 8 ላይ መሰካት፣ ቱቦውን ያስጨንቃል፤ ከሚያተርፈው የሚያጎድለው ይበዛል።

ስፒከሮቹን እናነጻጽር

ከመጀመራችን በፊት አንድ ሕግ፦ ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ፣ ጥልቅ ቤዝና ትንሽ ሳጥን፣ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም። ሁለቱን ይመርጣሉ። ባለ 96 ዴሲቤል ሆኖ እስከ 30 ኸርዝ ይወርዳል የተባለ የመደርደሪያ ስፒከር ቢያቀርቡልዎ፣ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው።

ባለ አንድ ድራይቨር (ሁሉንም ድምፅ አንድ ኮን የሚያወጣበት)። ፎስቴክስና ሎውተር የታወቁበት ዓይነት ነው፤ ክሮስኦቨር የለውም፣ ኢምፒዳንሱ ቀላል ነው፣ 8 ኢንቹ 95 ወይም 96 ዴሲቤል ይደርሳል። ድምፅና ጥቂት መሣሪያ ላይ የሚስተካከለው ማግኘት ያስቸግራል። ዕዳው ግን ሳጥኑ ላይ ይመጣል። የፊት ገጹ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ከ380 ኸርዝ ገደማ በታች ድምፁ ከፊት ይልቅ ዙሪያውን መበተን ይጀምራል፤ ታችኛው ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ይጎድላል። ያንን ለማስተካከል በተከታታይ ኮይልና ረዚስተር ሲገባ ላይኛው ይቀነሳል፤ 96 ብለው የገዙት ድራይቨር ሲያበቃ 92 ይሆናል። ይህን ቁጥር የሚጽፍ ማስታወቂያ የለም። ከግድግዳ ጋር ማስጠጋት ወይም የኋላ ሆርን ያለው ትልቅ ሳጥን መሥራት የተሻለ መንገድ ነው። ሌላው ጠባዩ ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ መጮኹ ነው።

የሚገርመው፣ የመውጫ ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ አምፕሊፋየር እዚህ ይጠቅማል። ማግኔቱ ኃይለኛ የሆነ ድራይቨር ኪውቲኤሱ (የኮኑ እንቅስቃሴ ምን ያህል ልጓም እንዳለው የሚያሳይ ቁጥር) 0.25 አካባቢ ይሆናል፣ ቤዙ ይደርቃል። የድራይቨሩ ኮይል 7 ኦም ከሆነና አምፕሊፋየሩ 2.5 ኦም ከጨመረበት ያ ቁጥር ወደ 0.34 ከፍ ይላል፤ ቤዙም ሥጋ ይለብሳል። ይኸው ጸባይ ግን ይህ ቁጥር ከነሳጥኑ ቀድሞውኑ 0.7 ለሆነ የታሸገ ስፒከር ቤዙን ልል ያደርገዋል።

ባለ ትልቅ ዉፈርና ሆርን። 12 ወይም 15 ኢንች ዉፈር ከታች፣ ሆርኑን የሚነዳ ኮምፕሬሽን ድራይቨር ከላይ። ለሲኒማ ቤት የተሠራው አልቴክ ኤ7 የዚህ ቤተሰብ ስም ነው፤ ዉፈሩና ሆርኑ የሚረካከቡት በ500 ወይም በ800 ኸርዝ ነበር። ከ95 እስከ 100 ዴሲቤል ያስገኛል፣ ቤዙ እውነተኛ ነው፣ ከ2ኤ3 እስከ 300ቢ ያለው ቱቦ ሁሉ ይነዳዋል። ሳጥኑ 100 ሊትር በቀላሉ ያልፋል፤ 2.5 ሜትር ካልራቁም ዉፈሩና ሆርኑ እንደ አንድ አይሰሙም። ቦታ ላለው ሰው ከሁሉ በፊት የምንመክረው ይህንኑ ነው።

ሙሉ ሆርን። ከ1946 ጀምሮ የሚሠራው ክሊፕሽሆርን 105 ዴሲቤል ይባላል፤ በ2 ዋት እንኳ ጎረቤት ያስቆጣል። ነገር ግን የክፍሉ ሁለት ግድግዳዎች የሆርኑ ቅጥያ ስለሆኑ ንጹሕ ጥግ የግድ ያስፈልገዋል፤ ጥግ ላይ በር ወይም መስኮት ካለ ቤዙ ይጎድላል። ትልቁ ጣጣው ሃም፣ ማለትም የአምፕሊፋየሩ የማይቋረጥ ጉርምርምታ፣ ነው፤ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ተራው ባለ ሁለት መንገድ የመደርደሪያ ስፒከር። ከ84 እስከ 88 ዴሲቤል፣ ብዙ ጊዜ 4 ኦም፣ ክሮስኦቨሩ የተወሳሰበ። ለ2ኤ3 እና ከእሱ ላነሰው 45 ቱቦ አይሆንም፤ ለ300ቢም ቢሆን ድርድር ነው። በቢቢሲ የተነደፈው ኤልኤስ3/5ኤ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል፦ የመጀመሪያው 15 ኦም ስለሆነ ጭነቱ ለቱቦ ቀላል ነው፣ ሴንሲቲቪቲው ግን 83 ገደማ ብቻ። ባለ 12 ዋት ኢኤል84 ፑሽ ፑል ይዞ 1.5 ሜትር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ያምራል፤ ለሰፊ ሳሎን አይሞከርም።

ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር (በማግኔት ፋንታ በኤሌክትሪክ መስክ የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን ያለው) ላይኛው ድምፅ ላይ ኢምፒዳንሱ ወደ 2 ኦም ስለሚወርድ ፊድባክ ከሌለው ሲንግል ኤንድድ ጋር ባይገናኝ ይመረጣል። የ1957ቱ ኩዋድ የተነዳው ባለ 15 ዋት ፑሽ ፑል በሆነው ኩዋድ 2 ነበር፣ እሱም ፊድባክ አለው።

የትኛው ከየትኛው

የ45 ቱቦ 2 ዋት ያህል ስለሚሰጥ 100 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 2ኤ3 ከ96 ጀምሮ። ኢኤል84 እና 6ቪ6 ነጠላ ሆነው በፔንቶድ አሠራር 4 እስከ 5 ዋት ይሰጣሉ፤ ኢኤል84 በትራዮድ ሲገናኝ 2 ዋት አካባቢ ይቀራል፣ ሻጩ የትኛውን እንደሆነ ካልነገረዎ ይጠይቁት። ባለ 8 ዋቱ 300ቢ ከ93 ጀምሮ ይመቸዋል። ኢኤል84 ፑሽ ፑል ከ10 እስከ 15 ዋት አለውና 89 ወይም 90 ዴሲቤል፣ ኢምፒዳንሱም ከ6 ኦም የማይወርድ ስፒከር ይበቃዋል። እነዚህ ቁጥሮች 20 ካሬ ሜትር አካባቢ ለሆነ ክፍልና ለጤነኛ ጆሮ ናቸው። ጮክ አድርጎ መስማት ለሚወድ ሁሉም ላይ 3 ይጨመር።

ገና ለሚጀምር ሰው ያለማመንታት የምንለው የመጨረሻውን፣ ኢኤል84 ፑሽ ፑሉን፣ ነው። 300ቢ ስሙ ይጠራል፤ ቱቦው ራሱ ከ1938 ጀምሮ ያለ ነው፤ ነገር ግን ባልሆነ ስፒከር ላይ ከጥሩ ኢኤል84 ፑሽ ፑል አይበልጥም።

ያለው ስፒከር ካልተስማማስ?

ኢምፒዳንሱን ማለስለስ ይቻላል። ወደ ላይ እየጨመረ የሚሄድ የዉፈር ኢምፒዳንስ ካለ፣ ከዉፈሩ ጋር ትይዩ የሚታሰር አንድ ረዚስተርና አንድ ካፓሲተር (ዞቤል ይባላል) ያስተካክለዋል። ኮይሉ 6.4 ኦምና 0.5 ሚሊሄንሪ ከሆነ ረዚስተሩ 1.25 እጥፉ፣ 8 ኦም፤ ካፓሲተሩ ወደ 7.8 ማይክሮፋራድ ነው፤ ገበያ ላይ 8.2 ይገኛል። ባለ 10 ዋት ረዚስተር ይጠቀሙ።

የቤዝ ሬዞናንሱን (ዉፈሩ በራሱ የሚርገበገብበትን ፍሪኩዌንሲ) ጉብታ ማለስለስ ግን ሌላ ወጪ ነው። በታሸገ ሳጥን 60 ኸርዝ ላይ የሚነሣ፣ የራሱ ኮይል 6 ኦም፣ ኪውኢኤሱ (የኪውቲኤስ የኤሌክትሪክ ክፍል) 0.5 ለሆነ ዉፈር ወደ 880 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 8 ሚሊሄንሪ ኮይልና 6.5 ኦም ገደማ የሆነ ረዚስተር (የባለ 8 ሚሊሄንሪው ኮይል ሽቦ ኦም ተቀንሶለት) በተከታታይ ታስረው ከዉፈሩ ጋር ትይዩ ይሆናሉ። ያን ያህል ኮይልና ካፓሲተር ከመግዛት መጀመሪያ የ4 ኦሙን መውጫ መሞከር ያዋጣል።

ሌላው መንገድ ቤዙን ከቱቦው ጫንቃ ማውረድ ነው። የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሳብዉፈር ገዝቶ፣ በቱቦ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ አንድ ትንሽ ካፓሲተር በተከታታይ ማስገባት። የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 100 ኪሎኦም ከሆነ 15 ናኖፋራድ ከ106 ኸርዝ በታች ያለውን ማሳነስ ይጀምራል። ዋቱን የሚበላውም፣ ትንሹን የመውጫ ትራንስፎርመር የሚያጠግበውም ያ ታችኛው ድምፅ ስለሆነ፣ 3.5 ዋቱ በድንገት ያደገ ይመስላል። ሳብዉፈሩ ሲግናሉን ከካፓሲተሩ በፊት፣ ማለትም ከፕሪአምፕሊፋየሩ መውሰድ አለበት፤ ከቱቦው የስፒከር መውጫ ከወሰደ የተቀነሰውን ቤዝ ነው የሚያገኘው።

ሃም

ስፒከሩ ሴንሲቲቭ በሆነ ቁጥር የአምፕሊፋየሩን ጉድ ያወጣል። መውጫው ላይ 1 ሚሊቮልት ሃም ካለ፣ ያ የማይቋረጥ «እምምም»፣ 88 ዴሲቤል ስፒከር 1 ሜትር ላይ 19 ዴሲቤል ያሰማል፤ ማንም አይሰማውም። 104 ዴሲቤል ስፒከር ላይ ግን 35 ይሆናል፣ ሌሊት ጸጥ ባለ ቤት በግልጽ ይሰማል። ስለዚህ ለሙሉ ሆርን የሚገዛ አምፕሊፋየር መግቢያው ተዘግቶ ሲለካ ሃሙ ከ1 ሚሊቮልት በደንብ ያነሰ መሆን አለበት።

ምንጩን ለመለየት ማዞሪያውን ዜሮ ያድርጉ። ሃሙ ካልተለወጠ ችግሩ ከፓወር ሰፕላዩ ወይም ከቱቦው ፊላመንት ነው፤ ፊላመንቱ በኤሲ የሚሞቅ 2ኤ3 ወይም 300ቢ ብዙ ጊዜ ሃም ማስተካከያ የምትባል ትንሽ ማዞሪያ አለችው፣ ቴስተሩ ዝቅተኛውን ቁጥር እስኪያሳይ ቀስ እያሉ ያዟዙሯት። በኤሲ ሲሞቁ 2.5 ቮልት የሚበላው 2ኤ3 ከባለ 5 ቮልቱ 300ቢ ጸጥ ይላል። ሃሙ ከማዞሪያው ጋር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ግን ከአምፕሊፋየሩ በፊት ካለው መሣሪያ ወይም ከግራውንድ ሽቦው ነው፤ ሁለቱንም መሣሪያ ከአንድ ሶኬት ማብራት ብዙ ጊዜ ያቃልለዋል።

ሻጭ ዘንድ ሲሞክሩ

ከሦስት ነገር በላይ አያስፈልግዎም። ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ቶን ያሰሙ፤ አንዱ ኖታ ተነጥሎ የሚያጓራ ከሆነ የመውጫ ኢምፒዳንሱና የቤዝ ሬዞናንሱ ተጋጭተዋል። ቀጥሎ ከዝግታ ተነሥቶ ወደ ብዙ ድምፅ የሚያድግ የመዘምራን ቀረጻ፦ ሲጮኹ ሰዎቹ ወደ አንድ ጥግ የተሰበሰቡ፣ የተጨናነቁ ከመሰለ ዋት አልበቃም። ቱቦ ሲሞላ እንደ ትራንዚስተር አይሰነጥቅም፤ ዝም ብሎ ድምፁን ይጨምቃል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው እጥረቱን «ልስላሴ» ይለዋል። በመጨረሻ ሙዚቃውን አቁመው ጆሮዎን ከቲዊተሩ 30 ሴንቲሜትር ላይ ያድርጉ፤ ሃም ካለ እዚያ ይሰማዎታል።